ሁሉንም «ኃይል ጨመረ» አንበል

መርጡለ ማርያም ውስጥ ቆጣሪ ሲቃጠል የሁላችንም መልስ አንድ ነው፦ «ኃይል ጨምሮ ነው»። አምፖል ቢፈነዳም፣ ቻርጀር ቢሞትም፣ የቆጣሪው ገመድ ማስገቢያ ቢቀልጥም ያው ነው። ይሄ አባባል ማንንም አይጠቅምም። ምክንያቱ ካልታወቀ ተጠያቂውም አይታወቅም፤ አዲስ የተተካው ቆጣሪም በዚያው ምክንያት መልሶ ይቃጠላል።

በእርግጥ ኃይል የሚጨምርበት ጊዜ አለ። የቤታችን መስመር 220 ቮልት ነው። ምሰሶ ወይም ትራንስፎርመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ግን አንዳንዱ ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ምልክቱ የእናንተ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ የጎረቤት ሲደበዝዝ ነው። ያኔ ቶሎ ዋናውን ብሬከር ማጥፋት! እንዲህ ያለው ጉዳት በአብዛኛው የቆጣሪውን የውስጥ ክፍል ነው የሚመታው።

ገመድ ማስገቢያው ጋ ብቻ ጠቁሮ የቀለጠ ቆጣሪ ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚናገረው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይስባል። ገመዱን የያዘው ብሎን ላልቶ 0.1 ኦም ብቻ መሰናክል ቢፈጠር፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 25 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን መሣሪያ ያህል ማለት ነው። ተከራይም በዚያው ቆጣሪ ሌላ ምጣድ ከጣደ አምፒሩ እጥፍ፣ ሙቀቱ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 100 ዋት አካባቢ። የአሉሚኒየም ገመድ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየላላ ስለሚሄድ ነገሩ በየጋገራው ይብሳል።

ታዲያ በምን እናውቃለን? በእጃችሁ ባለው ስልክ። በወር አንድ ቀን፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት፣ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ፕላስቲኩ ወደ ቡኒ እየሄደ ነው? የገመዱ ልባስ ጠንክሯል ወይስ ተሰነጣጥቋል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ሲጥ ሲጥ ይላል? ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ይርገበገባል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ምጣዱን አጥፉና ለ905 ደውሉ። ማኅተሙን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ፤ ውስጡ ገዳይ ነው፣ ክርክሩንም ትሸነፋላችሁ።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ ልምጣ። ጉዳትን በትንሽ ወጪ መከላከል የሚችለው ወገን ኃላፊነቱን ቢወስድ ሁሉም ያተርፋል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ምጣድ መቀጠል የኛ ጥፋት ነው፤ ዋጋውንም እኛ እንክፈል። ከማኅተም ስር ያለ ብሎንን ግን ደንበኛ ሊያጠብቀው አይችልም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሁለት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ የተቃጠለ ቆጣሪ ሲነሳ ከነፎቶው «ምክንያቱ ይሄ ነው» የሚል አንድ ገጽ ለደንበኛው ይስጥ። ሁለተኛ፣ ቆጣሪ አንባቢም ሆነ ጠጋኝ በሄደበት ሁሉ የሞቀ ማስገቢያ ካለ ይመዝግብ።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ዋጋው የሚጨምርበት ደንበኛ ቆጣሪው ለምን እንደተቃጠለ ቢጠይቅ ነውር የለውም። መጠየቂያው ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ፎቶውን ዛሬ ጀምሩት፣ ቀኑ አብሮ ይቀመጥ።