እንግዳ ናት ወይስ ሠራተኛ?

መቼም የሰው ልጅ ጥቅሙን በሚያምር ስም መጠቅለል ያውቅበታል። እኔም አውቅበታለሁ። ስለዚህ የዛሬው ወቀሳ ከራሴ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ መካከለኛው ፈረንሳይ፣ ክሩዝ በሚባል አውራጃ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ገዛን። ክሩዝ ወጣቱ እየለቀቀው የሄደ ገጠር ስለሆነ ቤት ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ጥገናው ነው። የድንጋዩን ግድግዳ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በሲሚንቶ ስለለሰኑት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጡ ሻግቷል። ያንን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ፈልፍሎ አንስቶ፣ እርጥበት በሚያስወጣው በኖራ መተካት ያስፈልጋል። የግንበኛ ዋጋ ጠየቅን፤ ደነገጥን።

"ታዲያ ለምን በጎ ፈቃደኞች አትጋብዙም?" አሉን ወዳጆቻችን። ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የተባለች እንግሊዛዊት የከተማ ሰዎችን ቅዳሜና እሁድ ገጠር እየወሰደች እርሻ ማሠራት ጀመረች። ዛሬ ባለቤትንና ፈቃደኛን በኢንተርኔት የሚያገናኙ ድርጅቶች ሞልተዋል። የተለመደው ስምምነት በቀን አምስት ሰዓት ያህል፣ በሳምንት አምስት ቀን ሥራ ነው። በምትኩ አልጋና ምግብ። ገንዘብ የለም።

እናላችሁ፣ መጡ። ቀን መዶሻ፣ ማታ ወይንና ጊታር ሆነ። እኔም እናቴ ጋ ደውዬ "ደቦ ጠርቻለሁ" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እናቴ የገበሬ ልጅ ናት። "ጎሽ ልጄ! አንተስ ለነሱ መቼ ትሄዳለህ?" አለችኝ። ሳቅኩ። መልስ ግን አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከመሰላል ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ኢንሹራንስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና ጠየቀችኝ፦ "እንግዳ ናት ወይስ ሠራተኛ?"

ዝም አልኩ። እንግዳ ናት እንዳልል፣ እንግዳ በጠዋት መሰላል ላይ ምን ትሠራለች? ሠራተኛ ናት እንዳልል፣ ደመወዟ የት አለ? የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ በስም አይታለልም። ሰው ታዝዞ ከሠራና በምትኩ ጥቅም ካገኘ፣ እኛ "ፈቃደኛ" ብንለውም ዳኛ "ሠራተኛ" ሊለው ይችላል። ሠራተኛን ሳያስመዘግቡ ማሠራት ደግሞ ያስቀጣል።

በመጨረሻ "እንደ ቤተሰብ ነው የምናያት" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ባደግኩበት ቤት ከገጠር የመጣች ዘመዳችን ነበረች። ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁላችን በኋላ ትተኛለች። ደመወዝ የላትም። ሰው ሲጠይቅ "እንደ ልጃችን ናት" ይባላል። ልጅ ብትሆን ኖሮማ እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እሷ ለምን እቤት ትቀር ነበር?

ሁለቱ እኩል ናቸው አላልኩም። ፈረንጇ ሲመራት ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ዘመዳችን መሄጃ አልነበራትም። የቃሉ ሥራ ግን አንድ ነው፦ የሠራተኛን ጉልበት ወስዶ በእንግዳ ምስጋና መሸኘት።

"በፈቃዳቸው ነው የመጡት" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሙያ ይማራሉ፣ አገር ያያሉ፣ ቋንቋ ይለምዳሉ። ነገር ግን ወንፈል ጉልበት በጉልበት ነው፤ ደቦ የጠራም ነገ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ይገኛል። እዚህ ግን ግድግዳው ሲያልቅ ቤቱ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውም የኔ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ራምፓር የተባለ የማኅበራት ኅብረት ወጣቶችን ለቅርስ ጥገና ያሰማራል። እሺ፣ ያ ቅርስ ነው። የኔ መኝታ ቤት የማን ቅርስ ነው?

ይበልጥ የሚያሳፍረው ቦታው ነው። ክሩዝ የግንበኞች አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዶቹ ፓሪስ ድረስ እየሄዱ ይገነቡ ነበር። ከነሱ አንዱ ማርቲን ናዶ ከግንበኝነት ተነስቶ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ። ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ኃላፊ ይሁን ብሎ ተከራከረ። የሥራ አደጋ ሕጉ የወጣው እሱ በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። እኔ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ በዚያው በእሱ አገር የሰው ልጅ መሰላል ላይ አውጥቼ "እንደ ቤተሰብ" እላለሁ!

የልጅቷን ሕክምና ከፈልን። ጣሪያውንና መሰላል ያለበትን ሥራ ሁሉ ለግንበኛ ሰጠን፤ እንደ ገንዘባችን በዝግታ ይሠራል። ይዘግይ። አሁን የሚመጣ ካለ እንግዳ ሆኖ ይመጣል። ኖራ ማቡካት ልማር ካለ አሳየዋለሁ። ወንዝ ዳር ተጋድሞ ቢውልም እራቱ አይቀርበትም።

መለኪያው ይኸው ነው፤ ክሩዝም ሆነ አዲስ አበባ ይሠራል። ቤታችሁ ውስጥ "እንደ ቤተሰብ" የምትሉት ሰው አለ? ነገ ጠዋት "ዛሬ አልሠራም" ቢላችሁ እራት ይቀርብለታል? የሚቀርብለት ከሆነ በርግጥም ቤተሰብ ነው። ካልሆነ ግን ሠራተኛችሁ ነው። እንግዲያው ክፈሉት።