ሀያሲንትን ያሳደጋት መድረክ

እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ፓትሪሺያ ራውትሌጅ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ ያለችን ሀያሲንት ናት፤ «ኪፒንግ አፕ አፒራንስስ» በተሰኘው የቢቢሲ ኮሜዲ ውስጥ ሰው ምን ይለኛል እያለች ባሏንም ጎረቤቷንም ቁም ስቅል የምታሳየው ባለ ኮፍያዋ ወይዘሮ። በዚህ አልከፋም። የማልስማማው እንዲህ ያለውን ችሎታ «ተፈጥሮ ነው» ብለው ከሚያልፉት ጋር ነው።

ራውትሌጅ ሀያሲንትን መጫወት ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ 61 ዓመታቸው ነበር። ከሊቨርፑል ማዶ በርከንሄድ የተወለዱት የልብስ ነጋዴ ልጅ መድረክ ላይ የወጡት በ1952 ነው። በ1968 በብሮድዌይ «ዳርሊንግ ኦፍ ዘ ዴይ» የቶኒ ሽልማት አገኙ፤ ሙዚቃዊ ተውኔቱ ግን ገበያ አልቀናውም። በ1976 ሊዮናርድ በርንስታይን ያቀናበረው ሌላው ሥራቸው ከተከፈተ በኋላ 7 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። በ1988 ደግሞ በዚያው በበርንስታይን «ካንዲድ» የለንደኑን ኦሊቪዬ ሽልማት ወሰዱ። የሚያስቀና መንገድ አይደለም።

ሀያሲንት ጎረቤቷን ኤሜትን ባየችው ቁጥር ትዘፍንበታለች። የሙዚቃ ሰው ነውና ችሎታዋን አይቶ ቦታ እንዲሰጣት ነው። ምስኪኑ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን ያያል፤ እሷ ከሌለች ወደ መኪናው ይሮጣል። ያን ጆሮ የሚበጣ ድምፅ የሚያወጣው ቶኒ የተሸለመ ጉሮሮ መሆኑን ልብ በሉ። መዝፈን የማይችል ሰው ቢሞክረው ዝም ብሎ ያስጠላል። ራውትሌጅ ግን ድምፁ የት ላይ ቢሰበር እንደሚያስቅ ያውቁታል፤ ዜማው ሊያምር ሲል ነው የሚያበላሹት።

ሳቁን ሲተዉትስ? አለን ቤኔት በጻፈው «ኤ ሌዲ ኦፍ ሌተርስ» ብቸኛዋን ሚስ ሩዶክን ሆነው ለካሜራ ብቻቸውን ያወራሉ። ሴትዮዋ በመስኮት ጎረቤት ትሰልላለች፣ ለየባለሥልጣኑ የአቤቱታ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ በመጨረሻም እስር ቤት ትገባለች። ሰው የምታገኘውም እዚያው ነው። እኔ ሁለቱን ሴቶች እህትማማች አድርጌ ነው የማያቸው፤ የሁለቱም ዓይን የሰው ጓዳ ላይ ነው። አንዷ በሳቅ ታፈርሰናለች፣ በሌላዋ ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ኮሜዲን የትራጄዲ ታናሽ ለሚያደርጉ ሽልማት ሰጪዎች ሁለቱን አከታትለው እንዲያዩ እመክራለሁ።

በ1995፣ ከ44 ክፍሎች በኋላ፣ ራውትሌጅ «በቃኝ» አሉ፤ ተመልካቹ ገና አልጠገበም ነበር። በዓመቱ ሄቲ ዌንትሮፕ የተባለች ጡረተኛ ወንጀል መርማሪ ሆነው በዚያው በቢቢሲ ብቅ አሉ።

ከዳር ተመልካቹ