ቴሌብርን ያገነነው ከለላው ብቻ ነውን? ለአንድ የተለመደ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ፉክክር በተነሣ ቁጥር የሚደመጥ፣ በቅን ልቦናም የሚቀርብ አስተያየት አለ። የኢትዮ ቴሌኮሙ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያፈራው በስልት በልጦ ሳይሆን መንግሥት ከልሎ ስላሳደገው ነው፤ ሜዳው እኩል ቢሆን ኖሮ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ በኬንያ እንዳደረገው ገበያውን በጠቀለለው ነበር ይላል። መሠረት የለሽ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ሕጉ የውጭ ኩባንያን ከሞባይል ገንዘብ አግዶ ነበር፤ ኤምፔሳ በኢትዮጵያ የተከፈተው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ የተሳበውን መደምደሚያ ነው።

አንደኛ፣ ከለላ ብቻውን የሚያገንን ቢሆን ቴሌብር ብቻውን ባልገነነ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ነው፤ በግዝፈቱም ከሀገሪቱ ባንኮች የሚስተካከለው የለም፤ ሲቢኢ ብር የተባለውን የራሱን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያወጣውም ከቴሌብር ቀድሞ ነው። ኤምብርና ሄሎካሽ የተባሉት አገልግሎቶችም ቀዳሚዎች ነበሩ። የውጭ ተፎካካሪን ያገደው ሕግ ለሁሉም ጥላ ሆኗቸዋል። በአንድ ጥላ ሥር ከተቀመጡት አንዱ ብቻ ይህን ያህል ካደገ የዕድገቱ ምክንያት ጥላው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ የኬንያው ምሳሌ በግማሽ የተነበበ ነው። ኤምፔሳ በ1999 ዓ.ም. ኬንያ ላይ ተጀምሮ ተሳካ፤ የስልክ ኩባንያው ቮዳኮም ግን በ2002 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ አስገብቶት በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ደንበኛ አገኛለሁ ካለ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ዘጋው። በዚያ ያደናቀፈው የመንግሥት ተፎካካሪ አልነበረም፤ ባንኮች ቀድመው ሕዝቡን ደርሰውታል። ቮዳኮም ደግሞ ከኢትዮጵያው ሳፋሪኮም ባለ አክሲዮኖች አንዱ ነው! የተሳካውን ሀገር ብቻ ቆጥሮ ሕግ ማውጣት ማስረጃን መምረጥ እንጂ መመዘን አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት የሚታየው ከአዲስ አበባ ሳይሆን በአማራ ክልል ቆላ ካለችው ከኮኪት ከተማ ነው። ከደጋ ወርዶ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚሰማራ የቀን ሠራተኛ የያዘው ብዙ ጊዜ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ለእርሱ ጥያቄው ሦስት ነው፤ እርሻው ላይ ኔትወርክ ይይዛል? ገንዘቡን የምትቀበለው እናቱ ያው አገልግሎት አላት? በሰፈሯ ያለው ወኪልስ የሚመነዝርላት ጥሬ ብር አለው? መተግበሪያው ቢያምር፣ የመክፈቻ ጉርሻው ቢበዛ ከሦስቱ አንዱን አይመልስለትም። እንዲያውም ኤምፔሳ በተከፈተበት ወር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ መተግበሪያ ከንቱ ነበር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው አጭር ቁጥር ግን ኔትወርክ ባለበት ያገለግላል። አጭር ቁጥር ሁለቱም ኩባንያዎች አላቸው፤ የሚለያቸው ከበስተጀርባው ያለው የኔትወርክ ምሰሶና ወኪል ነው።

«ምሰሶውም የተተከለው በሞኖፖል ዘመን ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ትክክል። ያ ግን የረጅም ዘመን የኔትወርክ ውርስ እንጂ ለቴሌብር የተሰጠ ከለላ አይደለም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ሙግቱን ያፈርሰዋል፤ ከለላው በሕግ ለውጥ በአንድ ቀን ይነሣል፣ ውርሱን ለመስተካከል ግን ተፎካካሪው ገጠር ወርዶ መሥራት አለበት። ሳፋሪኮም ከድሬዳዋ ጀምሮ ከተማ በከተማ መስፋፋትን መረጠ፤ ገበያውን አዲስ ለሚቀላቀል ኩባንያ የሚያዋጣ ምርጫ ነው፣ ነገር ግን ምርጫ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ውርሱን ታቅፎ አልተቀመጠም፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር ብድርና ቁጠባን በቴሌብር አቅርቧል።

ዛሬ ሕጉ ለሁለቱም ክፍት ነው። ምክንያቱ ከለላው ነበር የሚል ወገን በኮኪትና በመሰል ቆላ ከተሞች፣ ኔትወርኩም ጥሬ ብር ያለው ወኪልም በእኩል በተገኙበት ሥፍራ፣ ሠራተኛው ቴሌብርን ትቶ ወደ ኤምፔሳ መሄዱን ያሳየን። የማስረዳት ሸክሙ የእርሱ ነው።