የእረኛው ደመወዝና የታዳጊዎች ወንጀል

የታዳጊ ወጣቶች ወንጀል በተነሣ ቁጥር በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ ቀበሌዎች ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ቁንጥጫ ቀርቶ ነው፤ ልጅ አባቱን ማፈር፣ ጎረቤቱን መፍራት ትቷል» ይላል። ሁለተኛው ድህነትንና ሥራ ማጣትን አንሥቶ «የራበው ልጅ ምን ያድርግ?» ሲል ይጠይቃል። ሁለቱም የሚሉት ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ልጁን የሚያዩት ከተያዘ በኋላ ነው። ከመያዙ በፊት የት እንደነበረ፣ ለማን ይሠራ እንደነበረና የድካሙን ዋጋ ማን እንዳስቀረበት የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ይህ ጸሐፊ በሥራ ምክንያት ከሚመላለስባቸው ቀበሌዎች በአንዱ ያጋጠመው ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ በመሞቱ እናቱ ከጋይንት በኩል አምጥታ በጉና ግርጌ ከሚኖር ገበሬ ዘንድ በእረኝነት አስቀጠረችው። ውሉ የቃል ነበር፤ ይኸውም በዓመት ሁለት ኩንታል ገብስ፣ አንድ ቁምጣና አንድ ሸሚዝ። ዓመቱ ሲያልቅ አሳዳሪው ሒሳብ ያዘ። አንዲት ግልገል ቀበሮ በልቷታል፣ ላሞቹም የሰው ገብስ ውስጥ ገብተው ካሣ ተከፍሏል። ይህ ሁሉ ከደመወዙ ሲቀነስ ለልጁ የተረፈው ግማሽ ኩንታል እንኳ አልሞላም። ልጁ አልተከራከረም። በማግስቱ ከመንጋው አንድ ሙክት ነድቶ ደብረ ታቦር ገበያ አወጣና ከዋጋው በታች ሲሸጥ ተያዘ። ስለ ሙክቱ አገር ሁሉ አወራ። ስለ ገብሱ ያነሣ ሰው ግን አልነበረም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይልቅ አስተዋይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለውንም ለአዋቂ ከተደነገገው ቅጣት ለይቶ በወቀሳ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት በመወሰን፣ በዘመድ ወይም በታመነ ሰው ጥበቃ ሥር በማኖር፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ በማስገባት እንዲታረም ያደርጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደንግጓል።

ይሁንና ሕጉ ያሰበው ተቋም ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው የጠባይ ማረሚያ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። የጉናን እረኛ ከዘመድ ነጥሎ ወደዚያ ከመላክ ይልቅ በታመነ ሰው ጥበቃ ሥር ማኖር የሚሻል መሆኑ አያጠያይቅም። ጥያቄው ይህ የታመነ ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ለተቀጣሪ እረኛ በአቅራቢያው ያለው አዋቂ አሳዳሪው ነው፤ አሳዳሪው ደግሞ ከሳሹ ነው።

ዱሮም እረኛ ነበረ፤ እሸት መስረቅም ሆነ አዝመራ ማስበላት የትላንት ነገር ነው የሚሉ አዛውንቶች አሉ። ልክ ናቸው። ልዩነቱ እረኝነት ያን ጊዜ ወደ ሞፈርና ቀንበር የሚያደርስ መንገድ መሆኑ ነው። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ የተወለደ ልጅ ከወላጁ ካልወረሰ ወይም ካልተሰጠው በቀር የሚያርሰው ማሳ ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ እረኝነቱን ሲጨርስ የሚጠብቀው የፎገራ ሩዝ አጨዳ፣ የመተማ ሰሊጥ አረም፣ አለዚያም በወረታና በደብረ ታቦር መናኸሪያ ሸክም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ደግሞ ሌላውን በር አጠበበው። ወደ ፊት ምንም የማያገኝ ልጅ የዛሬ ደመወዙ ሲቀርበት «ለከርሞ እክሳለሁ» ብሎ የሚታገሥበት ምክንያት የለውም።

እኛ የግብርና ባለሙያዎችም ከዚህ ጉዳይ ነፃ አይደለንም። ከብትን ልቅ ከማሰማራት አስሮ መቀለብ ለአፈሩም፣ ለችግኙም፣ ለወተቱም ይበጃል ብለን እናስተምራለን። ልጆችንም ከመስክ ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳል ብለን እንጨምራለን። ይህ የቤቱ ልጅ ሲሆን እውነት ነው። ተቀጣሪው እረኛ ግን ሥራው ሲቀር የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ መናኸሪያ ነው። ይህ ጸሐፊ በሠጣቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ይህን አንድም ቀን አላነሣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቃሉ ውል በቀበሌ ይመዝገብ፤ ደመወዙም አሳዳሪው ብቻውን ሒሳብ ሳይይዝ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ይከፈል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ስለሚከለክል፣ መመዝገብ ሕገ ወጡን ማጽደቅ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ያልተመዘገበ ልጅ ከሥራ አልዳነም፤ የዳነው አሳዳሪው ከጠያቂ ነው። መዝገብ ካለ ቢያንስ የልጁ ዕድሜ ይታወቃል፣ ርእሰ መምህሩም ማንን ከየትኛው ቤት እንደሚፈልግ ያውቃል። የፋርጣ በግ በሚረባበት አገር ደግሞ ለእረኛ ከደመወዙ ከፊሉን አንዲት እናት በግ አድርጎ መስጠት አዲስ ፈጠራ አይሆንም። የራሱ በግ ከመንጋው መካከል ያለችው ልጅ መንጋውን የሚጠብቅበት ዓይን ሌላ ነው።

ወደ ልጁ ስንመለስ፣ ፍርድ ቤቱ ወቅሶ በአጎቱ ጥበቃ ሥር እንዲኖር ወስኗል። ሙክቱም ለባለቤቱ ተመልሷል። ሽማግሌዎች ዘግይተውም ቢሆን የደመወዙን ሒሳብ አይተው፣ ቀበሮ ግልገሏን በበላባት ቀን ልጁ በአሳዳሪው ትእዛዝ ወፍጮ ቤት እንደነበረ ደረሱበት። አሳዳሪው አንድ ኩንታል ገብስ ሊጨምር ተስማምቷል። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ የሰጠው ሦስት ቁና ነው።