ለልደት በዓል ወደ አረጋውያን ስንሄድ ሥራም ይዘን እንሂድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በቀረበ ቁጥር በየአጥቢያው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አረጋውያንን የመጠየቅ መርሐ ግብር ያወጣሉ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ጋቢ ይሰበሰባል፤ የመዝሙር ልብሳችንን ለብሰን እንሄዳለን፤ እንዘምራለን፤ አንድ ወንድም አጭር ትምህርት ይሰጣል፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ እናቶችና አባቶችም መርቀው ያሰናብቱናል። መልካም ሥራ ነው፤ ይቅር የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም። ነገር ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አረጋውያኑ ራሳቸው ምን ያደርጋሉ? ተቀምጠው ያዩናል፤ የተሰጣቸውን ይቀበላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለቤታቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ሲሠሩ የኖሩ እጆች በበዓሉ ዋዜማ ከመቀበል በቀር ምንም አይጠየቁም። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ መሆን ደግሞ ለሰው ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ከዘይቱና ከሳሙናው ጋር ጥጥና ሰም ይዘን እንሂድ እላለሁ። አብረናቸው ተቀምጠን ለበዓሉ የሚሆን ነገር በእጃችን እንሥራ፤ እነርሱ ያስተምሩ፣ እኛ እንማር።

የልደትን ነገር የሚተርከውን የቅዱስ ሉቃስን ወንጌል ስናነብ አረጋውያን በዳር የተቀመጡ ተመልካቾች ሆነው አናገኛቸውም። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ መጥምቁን ይወልዳሉ። ስምዖን አረጋዊ ሕፃኑን በክንዱ ይታቀፋል፤ ያረጁ ክንዶች ጌታን ተሸከሙ ማለት ነው። ለ84 ዓመት በመበለትነት የተቆጠረላት ነቢይት ሐናም ከመቅደስ ሳትለይ ስትጠባበቅ ኖራ፣ ባየችው ጊዜ ድኅነትን ለሚጠባበቁት ሁሉ ስለ እርሱ ትናገራለች። እኛ ግን የዛሬዎቹን ሐናና ስምዖን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን መዝሙር እንጋብዛቸዋለን።

በየዓመቱ ስለ ገና ዛፍና በላዩ ስለሚበተነው የጥጥ በረዶ ብዙ ክርክር ይነሣል። ወደዚያ ክርክር አልገባም። የሚያሳዝነኝ ግን ጥጡ ነው። እማማ ፈትለው ነጠላ ሊያወጡበት ይችሉ የነበረው ጥጥ፣ በረዶ በማይጥልበት ከተማ በረዶ መስሎ ሦስት ሳምንት ይውልና ወደ ቆሻሻ ይጣላል።

ከሁሉ የሚቀለውና ለበዓሉ የሚቀርበው ሥራ ጧፍ ነው። የሚያስፈልገው ጥጥና ሰም ብቻ ነው። ከእናቶች መካከል ጥጡን በመዳመጫ ፍሬውን ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ልቃቂት ማድረስ የሚያውቁ አሁንም አሉ። እንዝርቱን በተዉት ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም በእጃቸው ስናኖርላቸው ጣቶቻቸው ራሳቸው ያስታውሳሉ። የነገርናቸውን ስም ቶሎ የሚረሱ እናት እንኳ የክር አያያዝ ላይጠፋባቸው ይችላል። ጥጥ ካልተገኘ የተዘጋጀ ንጹሕ የጥጥ ክር ገዝቶ ማክረር ይበቃል።

ሰሙን ከማር ነጋዴ ማግኘት ይቻላል፤ ጠጅ የሚጥሉ ቤቶችም የሚደፉት ሰፈፍ ቀልጦ ሲጣራ ጥሩ ሰም ይወጣዋል። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል የሚቀልጥ ስለሆነ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሰሙን የያዘው ትንሽ ድስት ሙቅ ውኃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ ይቀመጣል። ክሩን ነክሮ ማውጣት፣ ሰቅሎ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መንከር፣ የሚፈለገው ውፍረት እስኪደርስ እንዲሁ መመላለስ ነው። ከዚያም ለብ እንዳለ በለስላሳ ጣውላ ላይ እያንከባለሉ ማቅናት። ትኩሱን ነገር ወጣቶች ይያዙ። ክሩን ማክረር፣ ጧፉን ማንከባለል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መፍረድ የአረጋውያኑ ድርሻ ይሁን። ክሩ ሲወፍር ጧፉ ይጨሳል፤ ሲቀጥን በቀለጠው ሰም ሰጥሞ ይጠፋል። ልኩን የሚያውቀው የለመደ ዓይን ነው፤ ያን ዓይን ሌላ ቦታ አናገኘውም። ከሱቅ የሚገዛው ሻማ አብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣ ፓራፊን የሚሠራ ነውና የንቡ ሰም ሽታ ብቻውን ብዙ ወሬ ያስነሣል። የተሠራው ጧፍ ወደ ቤተ መቅደስ እንዲገባ ከታሰበ ካህናቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አባቶችን ስለ ገና ጨዋታ እንጠይቃቸው። በልጅነታቸው ጫፉ የታጠፈ ዱላ ከጫካ መርጠው የቆረጡ፣ ሩር የሠሩ ብዙዎች ናቸው። በከተማ ለዱላ የሚሆን እንጨት ማግኘት ቢያስቸግር ሩሩን ከቁራጭ ቆዳና ከጨርቅ ጠቅልሎ መስፋት ማንም ይችላል። ጨዋታው ጌታ በተወለደ ጊዜ ከተደሰቱት እረኞች ጋር በትውፊት ይያያዛል፤ እንዴት ይጫወቱት እንደነበር ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ከእነርሱ መስማት ይሻላል።

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ደግሞ አሉ። ለእነርሱ የምርቃት ካርድ እመርጣለሁ። አባባ ይመርቃሉ፣ ወጣቱ በወፍራም ወረቀት ላይ ቃል በቃል ይጽፋል። የመጀመሪያው መስመር እንደ ብራና መጻሕፍቱ በቀይ ቀለም ይጻፍ፤ ዙሪያውን ሐረግ ይሳልበት። አባባ ካርዱን ለማን እንደሚልኩት ራሳቸው ይወስኑ። ለልጃቸው ሊሆን ይችላል፤ የተኳረፉት ጎረቤትም ሊሆን ይችላል።

«ጊዜው ለመዝሙር ጥናትና ለትምህርት ቢውል አይሻልም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የእጅ ሥራን ከትምህርት በታች ማየት በእኛ ዘንድ የቆየ ሕመም ነው። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን በሥራቸው ስንሰድብ ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ጌታችን ግን ያደገው በጠራቢው በዮሴፍ ቤት ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። በሙያቸው ሲናቁ የኖሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ፊት የሰንበት ተማሪዎች ተቀምጠው «አባባ፣ ያስተምሩን» ቢሏቸው፣ ከዚያ የበለጠ ምን ዓይነት ስብከት ልንሰብክ እንችላለን?

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ከእኛ በላይ ትፈልጉታላችሁ ብዬ አስባለሁ። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የመጡ እናቶች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ይውላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ በደንብ አይናገሩም፤ እነርሱም የልጆቹን ቋንቋ አይችሉም። ክር ለማክረር ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም። የአገሩ ሰው በዓሉን በዲሴምበር 25 ጨርሶ ጌጡን በሚያወርድበት ሳምንት፣ እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ ከአያት ጋር የሚሠራበት ጸጥ ያለ ጊዜ አላችሁ።

ጥቂት ነገሮች እንጠንቀቅ። እጃቸው ሲዘገይ ነጥቀን አንጨርስላቸው፤ ተጣሞ የወጣው ጧፍም ይበራል። ብርሃን ያለበት ቦታ እንምረጥ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አናድክማቸው። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ፎቶግራፍ አስፈላጊ ከሆነ ፈቅደው በመጨረሻ አንድ ይበቃል። ሥራውም በአንድ ቀን አይለቅ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በዚህ መካከል ከአምስት በላይ ቅዳሜዎች አሉ። አንድ ጊዜ ሄዶ ከመቅረት፣ ሁለት ወጣቶች ለአንድ እናት ተመድበው በየሳምንቱ ቢመላለሱ እመርጣለሁ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጧፉ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ በቤታቸው ይቅር። ለበዓሉ ሌሊት መምጣት የማይችሉትን የክርስትና ስማቸውን ጠይቀን እንጻፍ፤ የቀረውን ግማሽ ይዘን ስንቆም በስማቸው እናበራላቸዋለን፤ ሲነጋም ማኅሌቱና ቅዳሴው እንዴት እንደነበረ ልንነግራቸው እንመለሳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።