አበል የሌለው ስብሰባ

እኔ የምለው… ሻንቶ ውስጥ ለመጠጣት የተቸገረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፓርሶው አለ፣ አረቄው አለ፣ ቢራውም አለ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወገድ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። ጥሩ ነው፤ ግን አረቄ መቼ ማስታወቂያ ኖሮት ያውቃል? ለመሆኑ እዚህ ከተማ "አሁንስ በቃኝ፣ ላቁም" ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ወንጌላዊ ከሆነ ቸርች ይሄዳል። የወላይታን ወንጌላውያን ማማት አልፈልግም፤ ሚሲዮናውያኑ በ1928 (እ.ኤ.አ.) ሶዶ ከደረሱ ወዲህ ቤተክርስቲያኒቱ አማኙን ከመጠጥ በማራቅ የሠራችውን የትኛውም የጤና ዘመቻ የሠራው አይመስለኝም። ችግሩ የሚመጣው ሰውዬው ዳግመኛ ሲወድቅ ነው። ያቆመ ቀን እልል ይባልለታል፤ በሦስተኛው ወር ሲጠጣ ከተገኘ ግን ከጌታ እራት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ይደብቃል። ተደብቆ የሚጠጣ ደግሞ ብቻውን ነው የሚጠጣው። ኦርቶዶክሱም ጸበል ይገባል፤ ጸበሉ ቦታ እስካለ ድረስ ደህና ነው። ሲመለስ ግን ሰፈሩ ያው ሰፈር፣ ጓደኛውም ያው ጓደኛ።

ሐኪም ቤት መሄድማ የግድ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በወኔ ተነሥቶ ቤቱ ተኝቶ በአንዴ ላቁም ቢል ሊሞት ይችላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ይሄንን "ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው" ብሎ ዳር ቆሞ ማየት ነፍስ ያስከፍላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከባሰም ሶዶ ሆስፒታል ነው። ይሁንና ሐኪሙም ቢሆን ሲሻለው ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ማታዎች ከማን ጋር ያሳልፋል? የእኔ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

በ1935 (እ.ኤ.አ.) አክረን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት፣ ሥራው ከሽፎበት፣ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። ወደ ባሩ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ ሌላ ሰካራም አፈላለገ። ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ተገኘለት። ልብ በሉ፣ ሊያድነው አይደለም የፈለገው፤ ራሱ እንዳይጠጣ ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው በመላው ዓለም የተስፋፋ ስብስብ የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ወሬ ነው። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፦ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። ዳግመኛ የወደቀ ሰው አይባረርም፣ ወንበሩ ይጠብቀዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ሰዎቹ የነዳጁ ከበርቴ ልጅ ሮክፌለር ጋ ብዙ ገንዘብ ጠብቀው ሄደው ነበር። እሱ ግን ገንዘብ ነገሩን ያበላሸዋል ብሎ በ1938 (እ.ኤ.አ.) 5,000 ዶላር ብቻ አስቀመጠላቸው። ኋላ እነሱም ከውጭ ገንዘብ አንቀበልም፣ በየስብሰባው ከኪሳችን እናዋጣለን አሉ። እንግዲህ ይሄንን አበል ሳይኖር ስብሰባ ለማይታሰብበት አገር ሰው ንገሩት! እኛ ጋ ቢሆን መጀመሪያ ፕሮጀክት ይቀረጻል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የሻይ እረፍት ይያዛል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰውዬው ወደ አረቄው ይመለሳል።

"ይሠራል ወይ?" ለሚለኝ፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ 27 ጥናቶችን ገምግሞ፣ ከመጠጥ ጨርሶ በመራቅ ረገድ ይሄ መንገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው ጽፏል። ጥናቶቹ የሻንቶን ሰው አልመረመሩም፣ እሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች አሉ፤ በኢንተርኔት የሚካሄዱም ሞልተዋል፣ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ። ግን ሚስቱን የደበደበበትን ሌሊት በእንግሊዝኛ የሚያወራ የሻንቶ ሰው ማን ነው? በወላይትኛ ነው የሚወጣለት።

"ትንሽ ከተማ ነው፣ ሰው ያውቀኛል" የሚለውን ስጋት አልንቀውም። እዚህ የአባት ስም ባይጠራም የማን ልጅ መሆንህ ይታወቃል። ግን እስቲ አስቡት፦ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ያላየ ጎረቤት አለ? መጠጣቱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ምስጢር ሆኖ የቀረው ማቆም መፈለጉ ብቻ ነው። አልቻልኩም የሚል ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አረካ ወይም ቦዲቲ ካለ ባልደረባ ጋር ይገናኝ፤ የትራንስፖርቱ ሂሳብ ከአረቄው ሂሳብ አይበልጥም።

ደግሞ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዱቡሻ የሚያውቅ ሕዝብ ነን፤ እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። እዚህኛው ላይ ግን ሊቀመንበርም ጸሐፊም ማኅተምም አያስፈልግም። ሁለት ሰው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ እዚያ የተወራ እዚያው ይቀራል፣ አለቀ። ክፍል ከጠፋም የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ናቸው፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።