ድክ ድክ የሚሉ ልጆቻችንን ይዘን ወዴት እንሂድ?



ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በቧንቧው ውኃ ተራም፣ በወፍጮ ቤቱ ሰልፍም፣ በእድሩ ድንኳን ሥርም የሚወራው አንድ ጉዳይ ሆኗል። ይኸውም ሃያ የሚሆኑ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው፣ አውቶቡስ ኮንትራት ይዘው፣ ከጥምቀት በኋላ ሕፃናቱን አዲስ አበባ ወስደው ፓርክና መጫወቻ ለማሳየት ማሰባቸው ነው። አሳቡን ያመጡት ወላጆች ቅኖች መሆናቸውን አንጠራጠርም። ነገሩ የተነሣውም ከስልክ ነው። አሜሪካ የሚኖር የአንዱ ቤት ዘመድ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ኦርላንዶ ከሚባለው ከተማ የዲስኒን ግንብ ከጀርባው አስቁሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከ። ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ «የእኛዎቹስ ልጆች ምን አጠፉ?» ተባለ። እውነት ነው፤ ምንም አላጠፉም።

እኛ ግን መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት የምንለው አለን። ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ከዱርቤቴ አዲስ አበባ ወስዶ መመለስ ለወላጁ ወግ ሊሆን ይችላል እንጂ ለልጁ ጨዋታ አይሆንለትም። ለዚህ ዕድሜ የሚስማማው ጧት ወጥቶ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጫውቶ፣ ማታ ከገዛ መኝታው የሚተኛበት ቅርብ ቦታ ነው። ይኼን ስንል «ቀናችሁብን» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበሉን፤ ግድ የለም።

መንገዱን እናስላው። ከእኛ ከተማ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደረስ ትልቅ ሰው እንኳ ወገቡን ይይዛል። ከዚያ ገና የዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ሲሆን፣ አውቶቡሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። የሕፃን ጆሮ በዚህ ላይ ይታፈናል፤ ያማል፤ ልጁ ግን «ጆሮዬ ታፈነ» ብሎ አይናገርም፣ ይጮሃል እንጂ። ጡት የሚጠባውን ማጥባት፣ ከፍ ያለውን ውኃ ጎንጨት ጎንጨት እንዲል ማድረግ ጆሮውን ይከፍትለታል። ትውከቱስ? ሃያ ልጅ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ! አንዱ ካስመለሰ ሌላው ይከተላል፤ ረዳቱ የያዘው ፌስታል ደጀን ሳይደርስ ያልቃል። ለመሄጃ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን ነው። በመካከሉ ያለው አንድ የመጫወቻ ቀን ደግሞ ልጁ ደክሞት በእናቱ ጀርባ ሲያንቀላፋ ያልፋል።

ሌላም ሁላችን የምናውቀው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎጃም መንገድ አንድ ሰሞን ተከፍቶ ሌላ ሰሞን የሚዘጋ ሆኗል። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ቡሬ ላይ መንገድ ቢዘጋበት እንደ ምንም ሻይ ቤት ያድራል። ሃያ ሕፃን ይዞ እዚያ መቅረት ግን ከቶ የማይሞከር ነው። ስለዚህ የትም ይታሰብ የት፣ የጉዞ ዕቅድ የሚጀምረው ከመኪና ኪራይ ሳይሆን፣ በዚያው ሳምንት መንገዱን ተመላልሰውበት ከመጡ ሾፌሮች ጠይቆ ከመረዳት ነው። ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ሳይጣራ ልጅ መኪና ላይ አይወጣም።

አዲስ አበባ የሚታይ የለም አላልንም። ኧረ ሞልቷል! ስድስት ኪሎ ያለውን የአንበሳ ግቢ በዕድሜ የገፋን ሰዎች በተማሪነታችን ያየነው ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፍቷል፤ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉበት። በዓመቱ እንጦጦ ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ተከትለዋል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ እነዚህን ቢያይ ለዕድሜ ልክ ያስታውሳል፤ ትምህርትም ይሆነዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ከአንበሳው ይልቅ ከአጥሩ ሥር የምትሄደውን ጉንዳን ሲከተል ነው የሚውለው። እንጦጦም ከፍታው ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርዱ ሹራብና ካልሲ የሌለውን ሕፃን ጉንፋን አስይዞ ይሰደዋል።

እስቲ ያንን ፎቶግራፍ የወለደውን የአሜሪካኑን ነገር ራሱን እንመልከተው። ዋልት ዲስኒ የመጀመሪያውን ዲስኒላንድ በካሊፎርኒያ የከፈተው በ1947 ዓ.ም. ሐምሌ (እ.ኤ.አ. 1955) ነበር። በዚያ ሰሞን የቧንቧ ሠራተኞች አድማ መተው ስለነበር ሥራው ለመክፈቻው ቀን ሊደርስ አልቻለም። ሰውየው ወይ የመጠጥ ውኃውን ወይ ሽንት ቤቱን መምረጥ ነበረበት፤ ሽንት ቤቱን መረጠ። ሕዝቡ በሐሩሩ ተጠምቶ አጉረመረመ፤ አዲስ የፈሰሰው አስፋልት በሙቀቱ ላልቶ የሴቶቹን ተረከዝ ያዘ። ያን ያህል ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ቦታ የመጀመሪያ ቀኑ ጭንቅ ውኃና ሽንት ቤት ነበር ማለት ነው። እኛስ የአውቶቡሱን ዋጋ ስንከራከር «ልጆቹ የት ይሸናሉ? ምን ይጠጣሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምተናል? አልሰማንም።

ዛሬም በዚያ አገር ፈጣን የሆኑት መጫወቻዎች ብዙዎቹ ቁመቱ 102 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አያስወጡም። የሦስት ዓመት ልጅ በአብዛኛው እዚያ አይደርስም። ከሦስት ዓመት በታች ያለውን ግን ያለ መግቢያ ዋጋ ያስገቡታል። አንድ ያስደሰተን ልማድ አላቸው፦ ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ሲመጡ አንዱ ሕፃኑን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ይጫወታል፤ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፉ ይቀያየራሉ። እኛ ዘንድ ግን ልጅ የያዘችው እናት እንደያዘች ትውላለች፤ አባትየው ግን ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ይዞ ሐይቁን ያያል። በዚህ የምትቆጡ አባቶች ካላችሁ ቁጣችሁን በደስታ እንቀበላለን።

ይህን ስንጽፍ ከደረሰብን በመነሣት ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር፣ የኮሮና በሽታ አገራችን ከመግባቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዚሁ ሰፈር አሥራ አንድ ልጆች ይዘን ባሕር ዳር ወርደን ነበር። በአንድ ቀን ሁሉንም ልናሳያቸው ተመኘን፦ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ ጀልባውን፣ ገበያውን፣ የሐይቁን ዳር። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመኪና ተወርዶ ደግሞ ድንጋያማ መንገድ በእግር አለ፤ ልጆቹን ተሸክመን ላባችን ጠብ እስኪል ሄድን። ግማሾቹ ፏፏቴው ፊት ተኝተው ነበር። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁሉም ሰው «ልጁን ሌላው ይዞታል» ብሎ ተዘናጋ። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ጠፋብን። ግማሽ ሰዓት! ፊታችን ውኃ ነው። እናቱ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ከጆሯችን አልወጣም። በኋላ ከአንድ ሸንኮራ ሻጭ ጋሪ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ይብራዎቹን ሲያይ ተገኘ። እሱ ምንም አልሆነም። እኛ ግን በመመለሻው መንገድ እስከ መራዊ ድረስ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ታዲያ ባሕር ዳር አትሂዱ ማለታችን ነወይ? የለም፤ እንዲያውም መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ለእነዚህ ሕፃናት ከባሕር ዳር የሚሻል የለም። የምንለው በልጅ ልክ ይታቀድ ነው። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም የሐይቁ ዳር ጥላው ነው። ዛፍ አለ፤ ሣር አለ፤ ወፍ አለ፤ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ስታልፍ ይታያል። ለሁለት ዓመት ልጅ ይኼ ዲስኒ ነው። ጀልባውና ገዳማቱ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ወደ ዘጌ በጀልባ መሄጃው ብቻ ለሕፃን ረዥም ነው፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ደግሞ ሴት ስለማይገባባቸው እናትና ልጅ ጀልባ ላይ መቅረታቸው ነው። በልጅ ልክ የተሠራ የደኅንነት ሰደርያ የሌለበት ጀልባ ላይ ልጅ አይውጣ። ባለ ጀልባው «ምንም አይሆንም» ቢል አትስሙት።

ውኃው ውስጥም ልጅ እንዳይገባ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ሲሆን በቆዳ በኩል ይገባል፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም ስለሚታይ ዳር ዳሩ ለልጅ መሮጫ አይሆንም። የጥር ወር የተመረጠው ግን መልካም ነው። ዝናብ የለም፤ የወባው ብርቱ ሰሞን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው አልፏል። ቢሆንም ወባ ጨርሶ ስለማይጠፋ ከመምሸቱ በፊት መመለስ ያሻል። ሌላው ኩፍኝ ነው። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። ልጅ በተሰበሰበበት ኩፍኝ እንደ ጭድ እሳት ነው። ከጉዞው አንድ ወር በፊት የክትባቱን ካርድ ከየሣጥኑ አውጥተን እንይ፤ የጎደለበት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስንቁን በተመለከተ እናቶች ከእኛ የተሻለ ስለሚያውቁ አንዘባርቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ መንገድ ላይ ከማያውቁት ቤት ምግብ ለሕፃን አይገዛ። በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎ ለማይበላው አጥሚት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጀሪካን፣ ቅያሪ ልብስና ፖፖ ከቤት ይያዝ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ስሙ የተጠራ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። የወላጅ ስልክ ቁጥር በልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ያን ቀን ይኼን አድርገን ቢሆን ያ ግማሽ ሰዓት ባልኖረ ነበር።

ባሕር ዳር ለሄደበት ሰው አሰልቺ ከሆነ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ እንጅባራ አለች። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ማኅበር በአድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ ያቆመው ነው። በከተማ መጫወቻ ልጅን የማይንቀሳቀስ የፕላስቲክ ፈረስ ላይ አስቀምጦ ለማዞር ገንዘብ ይከፈላል፤ እዚህ በደጃችን ግን ጌጡን የለበሰ እውነተኛ ፈረስ ይጋልባል! የሚያስፈራው ሕዝቡና ግልቢያው ነው፤ ሕፃን በአባት ትከሻ ላይ ሆኖ ከዳር ይይ፣ መሬት አይልቀቁት።

እስካሁን ያወራነው መሄድ ስለሚችሉት ነው። መዋጮውን የማይችሉትስ? በዚህ ሰፈር ጧት ቆሎ ሸጣ ማታ የምታበስል እናት አለች፤ የእሷ ልጅም ያንን ፎቶግራፍ አይቷል። አውቶቡሱ ሲነሣ ከበሩ ቆመው የሚያዩት ልጆች እንዳይኖሩ ነው ጭንቀታችን። ለአዲስ አበባ ሊወጣ የታሰበው ከግማሹ ባነሰ ሁሉም ልጆች፣ የማይችሉት ጭምር፣ ባሕር ዳር ውለው ይመለሳሉ። በተረፈው ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ ዥዋዥዌና ሸርተቴ እንሥራ። ብዙ አይፈልግም፦ ጥሩ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ልጅ ሲወድቅ የሚቀበለው ከታች የተነጠፈ አሸዋ። አናጢ በሰፈራችን አለ፤ ጠይቀነው «እጄን በነጻ፣ ምስማሩን ግን እናንተ» ብሏል።

በመጪው እሑድ የእድሩ ሒሳብ ከተነበበ በኋላ በዚሁ ጉዳይ ላይ እንነጋገራለን። አዲስ አበባ ይሻላል የምትሉም ኑ፤ አሳባችሁ ይደመጣል። ስትመጡ የልጃችሁን ዕድሜና የክትባት ካርዱን ያዙ። አሮጌ ጎማ ያለው በዚያው ዕለት ይዞ ቢመጣ እናመሰግናለን። እስከዚያው ድረስ ግን ሰብሳቢዎቹ የመዋጮውን መዝገብ እንዳይከፍቱ እንጠይቃለን።